ነሐሴ በሂዩስተን

ክረምት ሲጠና ከደጋችን በላይ የሚጓዝ ነፋስ አለ። ከመሬት ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። በኢትዮጵያ ተራሮችና በዳርፉር ከፍታዎች ላይ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነጎድጓድ ይህን ነፋስ ያናውጠዋል፤ የተናወጠው አየር ሞገድ እየሠራ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርንና ማሊን ያቋርጥና በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። የአየር ጠባይ አጥኚዎች በዓመት 60 ያህል ሞገድ ይቆጥራሉ። አብዛኛው ባሕሩ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ጥቂቱ ግን የሞቀ ውሃ ያገኝና መሽከርከር ይጀምራል፤ አትላንቲክ ላይ ከሚነሡት ብርቱ ሀሪኬኖች አብዛኞቹ ዘራቸው ከዚህ ነው። እኛ ጋ ጤፍ የሚያበቅለው ክረምትና በዚያ ማዶ ቤት የሚያፈርሰው ነፋስ እንዲህ መዛመዳቸውን ካወቅሁ ወዲህ የነሐሴን ነጎድጓድ በድሮው ጆሮዬ መስማት አልቻልኩም።

ሃርቪ ከነዚህ ሞገዶች አንዱ ነበር። በፈረንጆቹ ኦገስት 12 ቀን 2017 ከአፍሪካ ጠረፍ ወጣ። ባርቤዶስ ሳይደርስ ስም ተሰጠው፤ ካሪቢያን ባሕር ላይ ተበታተነና አበቃለት ተባለ። ከዚያ የዩካታንን ምድር ተሻግሮ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲወጣ እንደገና ነፍስ ዘራ። የባሕሩ ውሃ 30 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ የሀሪኬን ቀለቡ ይኸው ሙቀት ነው። ዓርብ ነሐሴ 19 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ፣ በሰዓት 215 ኪሎ ሜትር በሚምዘገዘግ ነፋስ፣ ሮክፖርት የምትባለውን የቴክሳስ የባሕር ዳር ከተማ መታ። እኔ ከዚያ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባለችው ሂዩስተን፣ ታላቅ እህቴ ቤት ነበርኩ። ፍልሰታን አብረን ጾመን ገና መፍታታችን ነበር።

ሂዩስተን ሜዳ ናት። ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ዓይን ማረፊያ ያጣል፤ ከፍ ያለ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው የአውራ ጎዳናው ድልድይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 15 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። አፈሯ እኛ መረሬ የምንለው ዓይነት ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ አንዴ ከረካ ጠብታ አይቀበልም። ውስጧን የሚያቋርጡት ወንዞች ቡፋሎ ባዩ፣ ብሬይስ ባዩ፣ ኋይት ኦክ ባዩ ይባላሉ፤ ቁልቁለት ስለሌላቸው ውሃቸው የቆመ እንጂ የሚሄድ አይመስልም። መንገዶቹ ራሳቸው ዝናብ ሲበዛ ውሃ እንዲይዙ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በስተ ምዕራብ ያለው የኬቲ ሣር ሜዳ በድሮ ጊዜ ዝናቡን ይጠጣ ነበር፤ ዛሬ ብዙው በመኖሪያ ሰፈርና በአስፋልት ተሸፍኗል።

እህቴን እትዬ እላታለሁ፤ ባሏን ጋሼ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በደቡብ ምዕራብ ሂዩስተን፣ ከብሬይስ ባዩ ብዙም በማይርቅ ፎቅ የሌለው የጡብ ቤት ውስጥ ነው። ጋሼ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። ደቻቱን ያወቀ ሰው ደረቅ ወንዝ አያምንም፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ጋሼ አሜሪካ ነበሩ፤ አብሮ አደጋቸውን ያረዷቸው በስልክ ነው። ስለዚህ የሃርቪ ወሬ ሲሰማ የቤቱ ሰው ሁሉ ውሃና ዳቦ ሊገዛ ሲሯሯጥ እሳቸው ፓስፖርቶቹን፣ የቤቱን ውልና የልጆቹን የልደት ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልለው ጫማቸው አጠገብ አስቀመጡ። መጥረቢያም ገዙ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ወደ ኮርኒሱ አመለከቱኝ። «በካትሪና ሀሪኬን ጊዜ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሰው ከኮርኒሱ በላይ ወጥቶ፣ ጣሪያውን መብሻ አጥቶ እዚያው ሞቷል» አሉ። ቅዳሜ ሌሊት ባለሥልጣናቱም ይህንኑ ሲናገሩ ሰማን፤ መጥረቢያ የሌለው ሰው ጣሪያ ሥር እንዳይገባ፣ ይልቅ ጣሪያው ላይ እንዲወጣ።

ለምን ከተማውን ለቃችሁ አልወጣችሁም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። የዚያን ጊዜው ከንቲባ ሲልቬስተር ተርነር ሰው እንዲወጣ አላዘዙም። በኋላ ብዙ ተወቀሱበት፤ እኔ ግን ከወቃሾቹ ጋር አልቆምም። በፈረንጆቹ 2005 ሪታ የሚባል ሀሪኬን መጣ ሲባል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። መኪናው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰልፎ ቆመ፤ ነዳጅ አለቀ፤ ሙቀቱ አረጋውያንን ጣለ፤ አረጋውያንን የጫነ አውቶቡስ ዳላስ አቅራቢያ ተቃጥሎ 23 ሰው ሞተ። በዚያ ሽሽት ከመቶ በላይ ሰው ጠፍቷል። ሂዩስተን ይህን አልረሳችም። ጎርፍ በሚይዘው መንገድ ላይ ሚሊዮኖች በሌሊት ቢወጡ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ እንኳ አልፈልግም።

ዓርብ ሌሊት ነፋሱ አለፈን። ቅዳሜ ቀን ሰማዩ ገለጥ አለ፤ ሰፈሩ ወጥቶ ያወራ ጀመር። ሜይዌዘርና ማክግሪጎር የሚጋጠሙበት ምሽት ስለነበር ጎረቤት ያሉ ወጣቶች ቴሌቪዥን ከበው ሲጮኹ ይሰማ ነበር። ሀሪኬኑ ግን አልሄደም። የሚገፋው ነፋስ አጥቶ ቴክሳስ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ አንድ ክንዱን ባሕሩ ላይ ዘርግቶ ውሃውን እየቀዳ ወደ እኛ ይገለብጠው ጀመር። ከማታው በኋላ የወረደውን ዝናብ ዝናብ ማለት ይቸግረኛል፤ ጠብታ የለውም። ስልኮቻችን በየደቂቃው የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ይጮኹ ነበር። እንተኛ ብለን ጋደም ስንል ይጮኻሉ፤ ተነሥተን መስኮት የሌለው ኮሪደር ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ያልፋል፤ ደግሞ ይጮኻሉ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ ያየሁት ግን በዚያ ሌሊት ነው። በር ሰብሮ አልገባም። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ አጉረመረመ። ከዚያ ግድግዳው ከወለሉ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀጭን እርጥበት ታየ፤ እትዬ በፎጣ አበሰችው። እንደገና ታየ፤ እንደገና አበሰችው። ትንሽ ቆይቶ ምንጣፉ ስንረግጠው ጭብጭብ አለ። ፎጣውን ጥላ ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም፤ እንግዳ ሳይጠራ የገባባት ሴት ድንጋጤ ነው። ጋሼ ዝም ብለው መብራቱን ከቆጣሪው አጠፉና «ዕቃ ማንሣት ጀምሩ» አሉ። ፎቶዎችን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልን፤ የጤፉን ጆንያ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጫንን። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ቀይ ጉንዳኖች እርስ በርስ ተቆላልፈው፣ እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ተንሳፍፈው በመስታወቱ አጠገብ ሲያልፉ በባትሪ አየናቸው። ሊነጋ ሲል ውሃው ከጉልበቴ አልፎ ነበር። ዕለቱ ነሐሴ 21 ነው፤ እትዬ ከሌሊቱ ጀምሮ ከአፏ የሚወጣው ቃል «ማርያም፣ ማርያም» ብቻ ነበር።

ያወጡን የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። በዚያ እሑድ የአደጋ ጊዜ ስልክ ለሰዓታት የማይነሣ ሆኖ ነበር፤ ጥሪው ከአቅም በላይ ነው። ሰው በየጀልባው ወጣ። ከሉዊዚያና ካጁን ኔቪ የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባቸውን በመኪና እየጎተቱ በሌሊት ነድተው መጥተዋል፤ ከካትሪና የተማሩት ነገር ነበራቸው። እኛን የጫነን ሰው ስሙን አልነገረንም። መጀመሪያ ቬትናማዊቷን አሮጊት ጎረቤታችንን ተሸክሞ አስቀመጠ፤ ከዚያ እትዬን እጇን ይዞ። ጋሼ መጨረሻ ወጡ፤ በሩን ቆለፉት። ውስጡ ውሃ የሞላ ቤት መቆለፋቸው ያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁን ይገባኛል። ቤቱ አሁንም የእሳቸው ነው ማለታቸው ነበር። ከጀልባው የአሸዋ መጫኛ ገልባጭ መኪና ተቀበለን፤ ቆመን፣ ተደጋግፈን፣ ዝናቡ እየወረደብን መሀል ከተማ ገባን።

ያረፍንበት ጆርጅ ብራውን የስብሰባ ማዕከል ለ5000 ሰው ተዘጋጅቶ ነበር፤ በሁለት ቀን ውስጥ 10,000 ያህል ገባበት። ስፓኒሽ፣ ቬትናምኛ፣ አረብኛ፣ ዮሩባ ይሰማል፤ በአንዱ ጥግ አማርኛና ትግርኛ። በቴክሳስ ስደተኞችን የሚመለከት ጥብቅ ሕግ ሥራ ላይ ሊውል የነበረበት ሰሞን ስለነበር ወረቀት የሌላቸው ሰዎች መጠለያ መግባት ፈርተው ነበር። ከንቲባ ተርነር በአደባባይ፣ እርዳታ ፈልጎ መጥቶ የሚታሰር ሰው ቢኖር እኔ ራሴ ጠበቃ ሆኜ እቆምለታለሁ አሉ። እሳቸው የሕግ ባለሙያ ነበሩ። ያን ንግግር ከሰሙ በኋላ ከጎናችን የነበሩ ሰዎች ስልክ አንሥተው ዘመድ ሲጠሩ አይቻለሁ። ጂም ማኪንግቬል የሚባሉት የቤት ዕቃ ነጋዴ መደብራቸውን ከፍተው ተፈናቃዩን አዲሱ ሶፋና አልጋ ላይ አስተኙት። ኤል ቦሊዮ በሚባል የሜክሲኮ ዳቦ ቤት ውስጥ ጋጋሪዎቹ ውሃ ከቧቸው መውጫ ቢያጡ፣ ያለውን ዱቄት ሁሉ እያቦኩ ሁለት ቀን ሲጋግሩ ቆዩና ዳቦው ለመጠለያዎች ታደለ።

ዝናቡ ሲያቆም መለካት ተጀመረ። ኔደርላንድ በምትባል የቴክሳስ ከተማ በዚያ አንድ ማዕበል 1539 ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። የአሜሪካ የአየር ጠባይ አገልግሎት በካርታው ላይ የዝናብ ማሳያ ቀለም ስላለቀበት አዳዲስ ቀለም ጨመረ። የውሃው ክብደት የከተማዋን ምድር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እንደተጫነው የሳተላይት መለኪያዎች አሳዩ። ኋላ የወጣ ጥናት ዓለም ባትሞቅ ኖሮ ከነበረው ዝናቡ በ15 በመቶ ያህል ጨምሯል ብሏል። ጉዳቱ 125 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ፤ ከካትሪና ጋር እኩል። እነዚህን ቁጥሮች የጻፍኩት ግዝፈቱን እንዲናገሩልኝ ነው። ከዚህ በኋላ የማወራው ግን ቁጥር ስለሌለው ነገር ነው።

ረቡዕ ፀሐይ ወጣች። ወደ ቤት የተመለስነው ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው። በሩ አብጦ አልከፈት አለ፤ ጋሼ በትከሻቸው ገፉት። ፍሪጁ ተንሳፍፎ ሄዶ ኮሪደሩ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ግድግዳው ላይ ከወገብ በታች ቀጥ ያለ ቡናማ መስመር፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ፎቶ ንጹሕ፣ ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ ጭቃ። ሽታውን የቀመሰ አይረሳውም፤ የፍሳሽ፣ የነዳጅና የበሰበሰ ነገር ድብልቅ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበርና ሻጋታው ይሽቀዳደመናል፤ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይጠብቅም።

የዚያ አገር ቤት ግድግዳ በእንጨት አጥንት ላይ የተመታ ሺትሮክ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ወረቀት ይጠጣል፣ ከጀርባው ያለው ኢንሱሌሽንም አብሮ ይርሳል። ማድረቅ አይቻልም፤ ተቆርጦ ይጣላል። የሚቆረጠው 1 ሜትር ከ20 ላይ ነው፤ አንዱ ገበታ ሺትሮክ ስፋቱ ያን ያህል ስለሆነ ኋላ ለመተካት ይቀላል። የማናውቃቸው ወጣቶች ማስክ አድርገው፣ መዶሻና መንቀያ ብረት ይዘው መጡ፤ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆኑ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልነበረም። የሰው ቤት ገብተው ሲያፈርሱ በጣም ይጠነቀቁ ነበር፤ እያንዳንዱን ዕቃ ከማውጣታቸው በፊት እትዬን ያያሉ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ያወጣሉ። ለኢንሹራንስና ለእርዳታ ጥያቄ ስለሚፈለግ ሁሉንም ፎቶ እናነሣለን። በሁለት ቀን ውስጥ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ በራፉ ላይ ተቆለለ፤ በጎዳናው ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ሁሉ እንዲሁ። በዚያ መንገድ ሳልፍ የሰዎችን ኑሮ ማየት አፈርኩ፤ የልጅ አልጋ፣ የሠርግ አልበም፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ የሕመምተኛ ወንበር፣ ሁሉም ተገልጦ ፀሐይ ላይ ወጥቷል።

ከእትዬ ክምር ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነበረ፤ የእናታችን መሶብ ነበረ፣ ስፌቱ ጭቃ ጠጥቶ ቅርጹ የጠፋ፤ ለዓመታት ስታራባው የኖረችው የእርሾ ዕቃ ነበረ። ጤፉ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ተርፎ ነበር፤ በእርጥበቱ ግን ሻግቷል።

ሰው ሁሉ ይደውላል። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ። ሁሉም አንድ ነገር ይላል፦ «እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ፤ ዕቃ ይተካል።» እትዬ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች። ሰው ሞቷል፤ በቴክሳስ በቀጥታ በሃርቪ 68 ሰው አልቋል፤ የተረፈ ሰው ስለ መሶብ ሊያለቅስ? ማልቀስ ፈጣሪን ማማረር መሰላት። እኔም ሳጽናናት ያንኑ ቃል ነበር የምለው፤ ሁላችንም የምናውቀው ቃል እሱ ስለሆነ። እሷ ግን ማታ ማታ እንቅልፍ አልነበራትም። ጠዋት ተነሥታ የፈረሰውን ቤት ትጠርጋለች፤ ጠርጋ የጨረሰችውን ወለል እንደገና ትጠርጋለች።

ከዚያ አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያናቸው አንዲት እናት መጡ። በፌስታል እንጀራ፣ በፔርሙዝ ቡና ይዘዋል። ወንበር ስለሌለ ጋሼ የቀለም ባልዲ ገልብጠው ፎጣ አነጠፉላቸው። ተቀመጡ፤ ግድግዳ በሌለው ቤት ውስጥ የእንጨቱን አጥንት ዞር ዞር ብለው አዩና «እስቲ ልጄ፣ ምን ምን ሄደብሽ?» አሏት። ሌላ አልጨመሩም። ይተካል አላሉም። እትዬ መጀመሪያ «ኧረ ምንም፣ ዕቃ ነው» አለች። እሳቸው ዝም ብለው ጠበቁ። ቀስ ብላ መቁጠር ጀመረች። የልጆቿን የመጀመሪያ ጫማ ቆጠረች። የአባታችንን ካፖርት። አገር ቤት ሄዳ በሻንጣ ያመጣችውን ጀበና። እርሾው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረና እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ጮኻ አለቀሰች። እናትየው እያንዳንዱን ዕቃ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጣት ይጠይቋት ነበር። ጋሼ ወጥተው በራፉ ላይ ቆሙ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን።

በዚያ ሌሊት እትዬ ተኛች።

እኔ ከዚያ በኋላ አደጋ ለደረሰበት ሰው «ዕቃ ይተካል» ማለት አልችልም። ፍቅር የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ የእናት እጅ የነካው ስፌት ተራ ዕቃ አይደለም። ሰው ሲሞት እንዴት እንደምናዝን እናውቃለን፤ ድንኳኑ፣ ሠልስቱ፣ ተራ ገብቶ ማስተዛዘኑ አለን። ቤት ሲጠፋ ግን ሥርዓት የለንም፤ አሜሪካኖቹም የላቸውም። እኒያ እናት ካላቸው ለቅሶ ቀንሰው ለእትዬ ሰጧት እላለሁ። ያፈረሱልን ወጣቶች ጉልበት ያስፈልገን ነበር፤ ያለ እነሱ ሻጋታው ይበላን ነበር። የሚሰማ ጆሮም የዚያኑ ያህል ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ግን በእርዳታ ዝርዝር ላይ የሚጽፍ የለም።

የወረቀቱን ነገር ባሳጥረው ይሻላል። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም፤ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል። የሰፈሩ ካርታ ቤቱን ከአደገኛው ክልል ውጪ አድርጎት ስለነበር ባንኩ ግዙ አላላቸውም። ሂዩስተን ባለችበት በሃሪስ ካውንቲ ውሃ ከገባባቸው ቤቶች ከግማሽ በላይ እንዲህ ከክልሉ ውጪ የነበሩ ናቸው። የእርዳታ ቅጽ ይሞላል፤ መርማሪ ይመጣል፤ ሌላ ቅጽ ይመጣል፤ አንድ ፊደል ተሳስቶ ስም ስላልገጠመ ይመለሳል። እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ኢንተርኔት ያለው፣ ከሥራው ቀርቶ ወረፋ የሚይዝ ሰው ያገኛል። በሰዓት ተከፍሏቸው የሚሠሩት፣ በዝቅተኛው ቦታ በተሠሩ አፓርትመንቶች ምድር ላይ ተከራይተው የሚኖሩት ደግሞ የጠፋባቸውን ማስመዝገቢያ ወረቀታቸው ራሱ ውሃ ወስዶታል። ውሃው ለሁሉም መጣ፤ መልሶ መቋቋሚያው ግን ለሁሉም አልመጣም። ይህን ሳስብ ዛሬም እቆጣለሁ።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ የአዲክስና የባርከር ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ ከ1929ና ከ1935 ጎርፎች በኋላ መሀል ከተማውን ለማዳን በ1940ዎቹ የተሠሩ ሁለት ትላልቅ ግድቦች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ደረቅ ሜዳ ሆነው መናፈሻ ይሆናሉ። ሲሞሉ ውሃው የሚተኛበት ቦታ ሁሉ ግን የመንግሥት አልነበረም፤ በግለሰብ እጅ የቀረው ላይ በሺህ የሚቆጠር ቤት ተሠራበት። በአንዳንድ ሰፈሮች ካርታ ጥግ ላይ ቦታው ሊጠለቀለቅ እንደሚችል በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ቤት ሲገዛ ያን የሚያነብ ማን ነው? በሃርቪ ጊዜ ከግድቡ በላይ ያሉት በሚያጠራቅመው ውሃ ተዋጡ። ሰኞ ነሐሴ 22 ገና ሳይነጋ፣ ግድቡ እንዳይሰበር በሮቹ ተከፍተው ሲለቀቅ ደግሞ ከበታች በቡፋሎ ባዩ ዳር ያሉት ተጥለቀለቁ። በዲሴምበር 2019 የፌዴራል ፍርድ ቤት ከግድቡ በላይ ላሉት ቤቶች መንግሥት ተጠያቂ ነው ብሎ ፈረደ። ዝናቡን ያመጣው ሰማይ ነው። ያ ቤት እዚያ ቦታ ላይ እንዲቆም የፈቀደው ግን ሰው ነው፤ ሁለቱን ቀላቅሎ «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ዘመን መለወጫ የሃርቪ ጭቃ ሳይደርቅ መጣ። በዋዜማው፣ ጳጉሜን 5፣ ኢርማ የተባለው ሀሪኬን ፍሎሪዳን መታ፤ መስከረም 10 ደግሞ ማሪያ የተባለው ፖርቶ ሪኮን አጨለመ። ካሜራው ከሂዩስተን ተነሥቶ ወደዚያ ሄደ፤ ሊሄድም ይገባው ነበር። እኛ 2010ን የተቀበልነው ሺትሮክ በሌለው ሳሎን ውስጥ ነው። ከሰፈሩ አበሾች ያልተጎዱት ዶሮውን ሠርተው አመጡ። እትዬ ከጓደኛዋ እርሾ ተቀብላ አብሲት ጥላ ነበር።

በሌላ ዓመት ስመለስ ጋሼ ጋልቬስተን ይዘውኝ ሄዱ፤ ከሂዩስተን አንድ ሰዓት የምታስነዳ ረጅም ቀጭን ደሴት ናት። በሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 በአሜሪካ ታሪክ እጅግ ብዙ ሰው የገደለው የተፈጥሮ አደጋ የደረሰው እዚያ ነው፤ ቢያንስ 6000 ሰው ሞቷል። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ጳጉሜን 3 ቀን 1892 ዓ.ም. ነው፤ ሩፋኤል። እኛ አገር ልጆች ዝናቡን ጠበል ብለው በሚጠመቁበት ቀን። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ የከተማዋ የአየር ጠባይ ኃላፊ አይዛክ ክላይን ጋልቬስተንን ከባድ ሀሪኬን ይጎዳታል ማለት ከንቱ ስጋት ነው ብለው ጽፈው ነበር። በዚያ ሌሊት ባለቤታቸውን አጡ። በባሕሩ ዳር የነበረው የሕፃናት ማሳደጊያ መነኮሳት ልጆቹ እንዳይለያዩባቸው በልብስ ማስጫ ገመድ ከወገባቸው ጋር አሰሯቸው፤ 90 ሕፃናትና 10 መነኮሳት አብረው አለቁ፤ የተረፉት ሦስት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው።

የተረፈው ሕዝብ የሠራውን ሳይ ግን ቆሜ ቀረሁ። ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የባሕር ግንብ አቆሙ። ያም አልበቃ ብሏቸው ከተማውን ራሱን ከፍ አደረጉት፤ ከ2000 በላይ ሕንፃ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር፣ በእጅ በሚዞር ክሪክ እያነሡ ከሥሩ የባሕር አሸዋ ሞሉ። ዓመታት ፈጀ፤ ሰው በእንጨት ድልድይ ከቤት ቤት እየተሻገረ ኖረ። ጋሼ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ባሕሩን እያዩ «እኛስ መቼ ነው የምንነሣው?» አሉኝ። ስለ ቤታቸው ይሁን ስለ ሂዩስተን፣ ወይም ስለ ደቻቱ፣ አልጠየቅኋቸውም።

ሂዩስተን ሞክራለች። ሃርቪ በመታ በዓመቱ፣ ኦገስት 25 ቀን 2018፣ የሃሪስ ካውንቲ ሕዝብ ለጎርፍ መከላከያ 2.5 ቢሊዮን ዶላር እንዲበደር በከፍተኛ ድምፅ ወሰነ። ብሬይስ ባዩ ሰፍቷል። ሃርቪ የሚለው ስም ከሀሪኬን ስሞች ዝርዝር ወጥቶ ሃሮልድ ተተካበት፤ ሃሮልድም በኦገስት 2023 ደቡብ ቴክሳስን ነካክቶ አለፈ። በጁላይ 2024 ደግሞ ቤሪል መጣ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፤ በዚያ ሙቀት ለቀናት ያለ ማቀዝቀዣ የቆየ ሰው ብዙ ነው።

ያን ሰሞን ለእትዬ ደወልኩ። ውሃው ቤቷ አልገባም፤ ጋሼ ጄኔሬተር ገዝተው ነበር። ከጀርባዋ ብዙ ድምፅ ይሰማል። ማን ነው ስላት የፎቅ ቤት ተከራዮች፣ አንዲት አራስ ከነእናቷ፣ ቬትናማዊቷ ጎረቤታቸውና ልጇ መሆናቸውን ነገረችኝ። «በይ ስልኩን ልዝጋው፤ ቻርጅ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ሊጡም ሊገነፍልብኝ ነው» አለችኝ።